ከፊልሙ በፊት

«ጽጌ፣ ይህን ቀይ ሻርፕ ከየት አመጣሽው?» አለች ፀጋ፣ ጨርቁን በጣቷ እየነካካች። «አንቺ እኮ ቀይ አትወጂም ነበር።»

«ሰው ይለወጣል» አለች ጽጌሬዳ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። ሻርፑ የጎረቤት ነው። ጥቁር ልብሷን አውልቃ አልጋ ሥር የወሸቀችው ከሦስት ሰዓት በፊት፣ የአጎቷ ልጅ ፀጋ ሳታስታውቅ ከበየዳ መጥታ ደባርቅ መናኸሪያ መውረዷን ሲነግሯት ነበር። የፀጋ ታናሽ ወንድም ዲያቆን ቃለ አብ ከሞተ ሃምሳ ቀን አልፎታል፤ ሊማሊሞ ላይ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ። ደባርቅ ሁሉ ያውቃል። እኅቱ ብቻ አታውቅም።

ማን ይንገራት? ነርስ ሆና የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ኔትዎርክ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ስትደውል «ቃለ አብስ?» ትላለች። «ቅኔ ሊማር ጎጃም ወርዷል» ይሏታል። የቆሎ ተማሪ ስልክ አይዝም ብላ አመነች። ይህን ውሸት የፈጠረችው ጽጌሬዳ ናት። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ተጠራርተው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ የፀጋ አባት መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ባሉበት በወጉ ሊያረዷት ወሰኑ። እስከዚያ የአባቷን ቤት ማየት የለባትም፤ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ሞልቷል። ጽጌሬዳም «አባባ ለማኅበር ዳባት ሄደዋል፤ ማታ እኔ ጋ ታድሪያለሽ» አለቻት። ቀሪውን ቀን የት ይዛት ትዋል? ፊልም ቤት ጨለማ ነው፤ ሰው ለሰው አይተያይም። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል!

የገዱ አዳራሽ ለአሥር ሰዓቱ ፊልም ግጥም ብሏል። ደባርቅ ላይ ሰው የሚገባው ለፊልሙ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ፊልሙ የሌላ አገር ነው፣ ማስታወቂያው ግን የራስ ሰፈር። ሳይጮህበት የሚያልፍ ማስታወቂያ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ላቀው መቀሱን ይዞ ሸራው ላይ ብቅ ሲል፣ ከኋላ አንዱ «ላቀው፣ ጆሮዬን መልስ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ አውካካ። ፍራሽ ነጋዴዋ የሺወርቅ የራሷ ፍራሽ ላይ ስትዘል ደግሞ ወጣቶቹ በአንድ ድምፅ ቆጠሩላት። ፀጋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ኧረ በማርያም! ይህ ሁሉ ጉድ የመጣው እኔ በየዳ ተቀብሬ ነው?»

ቃሉ ጽጌሬዳን ወጋት። ሆኖም የፀጋን ሳቅ ስትሰማ፣ እስከ ነገ ጠዋት እንዲህ ብትስቅልኝ ብላ ተመኘች።

ቀጥሎ የሰብስቤ ፎቶ ቤት መጣ። «ለክርስትና! ለሠርግ! ለተዝካር! ትዝታዎ በእጃችን ነው!» ሙሽሮች እጃቸውን አወዛወዙ። ሕፃን ተጠመቀ። ከዚያ ድንኳን።

ጽጌሬዳ ድንኳኑን አወቀችው። ካህናቱ ቆመዋል። መሪጌታ ጥቁር ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ ሻማ በበራበት ጠረጴዛ ላይ፣ ልብሰ ተክህኖ የለበሰው ቃለ አብ ከፎቶው ውስጥ ያያል። የአርባው ተዝካር! ሰብስቤ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የሥራውን ቆንጆ መርጦ ማሳየቱ ነው። ሳምንት ሙሉ ሲታይ ተመልካቹ ከንፈሩን ከመምጠጥ በቀር ምንም አላለም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፊልም ቤት አይገባምና ጽጌሬዳ አላየችውም፤ ከቤተሰቡም ያየው የለም።

«አጥፋው! ገዱ፣ አጥፋው እንጂ!» አለ አንድ ሰው።

ገዱ ተደናግጦ አንድ ነገር ተጫነ። ምስሉ አልጠፋም፤ ባለበት ቆመ። የቆመውም ጽጌሬዳ ላይ ነበር፦ ጥቁር ለብሳ፣ ትሪ ይዛ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ። ከትከሻዋ በላይ የቃለ አብ ፎቶ አለ።

ከኋላ ወንበር ሁለት ሴቶች ተነሥተው የፀጋን ትከሻ ግራና ቀኝ ያዙ፤ መርዶ የሰማን ሰው ራሱን እንዳይጥል እንደሚይዙት። ፀጋ እጆቻቸውን አየች። ዞር ብላ ሰዉን አየች። ሁሉም የሚያየው ሸራውን ሳይሆን እርሷን ነበር፤ ሁሉም ያውቅ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት።

«ጎጃም አላልሽኝም?»

ጽጌሬዳ ቀዩን ሻርፕ ከአንገቷ ጎትታ አወለቀች።

«ትስቂያለሽ» አለች ፀጋ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ተዝካሩ ላይ ትስቂያለሽ። ምን አስቆሽ ነው?»

ጽጌሬዳ ታስታውሰዋለች፤ እንዴት ትረሳዋለች! ያሳቃት የቃለ አብ የቆሎ ትምህርት ቤት ጓደኛ አለነ የነገራት ታሪክ ነበር። አምባራስ ላይ ቁራሽ ሲለምኑ ውሻ ቃለ አብን አባርሮ ዛፍ ላይ አወጣው፤ እርሱ ግን ቅርንጫፉን ሙጥኝ ብሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለቱን አላቋርጥ አለ፤ የቤቱ እመቤትም ቁራሹን በእንጨት ሰክታ አቀበለችው። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ከልቧ የሳቀችው ያችን አንዲት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሳቀችውም በእርሱ ነው። ይህን አሁን በምን አፏ ትናገረው?

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ውሻ...» አለች ጽጌሬዳ። እንባዋ ቀደማት። «ውሻ ዛፍ ላይ አውጥቶት...»

ፀጋ ትከሻዋን ከሴቶቹ እጅ አስለቀቀች። ተጠግታ የጽጌሬዳን ሁለት እጆች ጨበጠች።

«ማንን?» አለቻት። «ስሙን ጥሪው፤ ካንቺ አፍ ልስማው።»