ጆናስን ማን ይጭናል?

«እሱ ከተሳፈረ እኔ እወርዳለሁ!» አለ ጊልቫን፣ የያዘውን መረብ አሸዋው ላይ ወርውሮ።

ጆናስ የውሃውን ጀሪካን እንደተሸከመ ቆመ። የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት። ባሕሩ መሸሽ ጀምሯል፤ ሌሎቹ ባለሸራ ታንኳዎች ሁሉ ቀድመው ወጥተዋል። ዳር ላይ የቀረችው የእነሱ ብቻ ናት።

«ሰውየው ምን አደረገህ?» አሉ የታንኳዋ ባለቤት ጋሽ አናክሌቶ።

«እሱማ ምንም አላደረገም። ስሙ ነው! ከመጣ ጀምሮ ምን ያዝን? መረቡ ባዶ ነው፤ ትናንት ደግሞ ሸራው ተቀደደ። በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩን ጆናስን ምን አደረጉት? ባሕር ውስጥ ወረወሩት፣ ማዕበሉም ጸጥ አለ። በዚህ ዕድሜዬ ነፍሰ ገዳይ አያድርጉኝ ጋሼ!»

ሽማግሌው ሳቅ ሳቅ አላቸው፤ ግን አልሳቁም። ቢስቁ ለጆናስ ይሻለው ነበር። ከዚህች ታንኳ ከተባረረ በመንደሩ የሚቀጥረው የለም፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ሚስቱ ኤዲሌኒ አራስ ናት፤ ቤት ውስጥ ከካሳቫ ዱቄት በቀር የሚቀመስ ነገር የለም።

«ለመሆኑ ይህን ስም ማን አወጣልህ?» አሉት።

«እናቴ።»

«ሌላ ስም ጠፍቶ?»

ጆናስ ጀሪካኑን አወረደ። «እኔን አርግዛ ሳለች የአባቴ ታንኳ ተገለበጠች። ሰው አልቅሶ ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ማዕበሉ አባቴን በሕይወቱ አሸዋው ላይ ተፋው። ለዚህ ነው ጆናስ ያለችኝ። በኋላ ፓስተሩ 'በዕብራይስጥ ርግብ ማለት ነው' ቢሏት፣ 'ርግቡን ለእርስዎ ትቻለሁ' አለቻቸው። ለእሷ ጆናስ ማለት ተመልሶ የወጣ ማለት ነው። አባቴም በመጨረሻ የሞተው አልጋው ላይ ነው።» ወደ ጊልቫን ዞረ። «አንተ ሰውየውን ውሃ ውስጥ ትተኸው ነው የሄድከው። ዓሣው እኮ መልሶ ተፍቶታል!»

«እሱንማ ተፋው። የመርከበኞቹን ዕቃ ማን መለሰላቸው? ጭነታቸውን ሁሉ ባሕር ውስጥ ጥለው የለም እንዴ!»

«በቃ!» አሉ ጋሽ አናክሌቶ። «ውሃው እየሸሸ ነው። መሬት ላይ ጆናስ ሁን፤ ታንኳዬ ላይ ግን ፔድሮ ነህ፣ እንደ ዓሣ አጥማጁ ሐዋርያ።»

«እሱስ ውሃ ላይ ሲራመድ መስጠም ጀምሮ አልነበር?» አለ ጆናስ።

ጊልቫን ሳይወድ በግድ ሳቀ። «ዝም ብለህ ግፋ፣ ፔድሮ!»

መግፋት ጀመሩ። ታንኳዋ በክብ ግንዶች ላይ ትንከባለላለች፤ ከኋላዋ የተለቀቀውን ግንድ እያነሳ ከፊቷ የሚያነጥፈው ጆናስ ነው።

«ፔድሮ፣ ግንድ!»

ሮጠ፣ አነጠፈ።

«ፔድሮ!»

እንደገና ሮጠ። እግሩ ይታዘዛል፤ ጆሮው ግን የሚጠራው ሌላ ሰው መሰለው። ያ ሌላ ሰው ቀኑን ሙሉ በእሱ ቦታ ሊሠራ ነው፤ ዓሣ ቢያዝም የሚያዘው በዚያ ሰው ዕድል ነው። ነገስ? ከነገ ወዲያስ? ኤዲሌኒ ልጁን ታቅፋ በር ላይ ስትጠራው አቤት የሚለው የትኛው ነው?

የማዕበሉ አረፋ የታንኳዋን አፍንጫ ነክቶ ተመለሰ።

«ፔድሮ! ግንዱን አምጣ እንጂ! ደነቆርክ እንዴ?» ሽማግሌው ጮኹ። ታንኳዋ አሸዋው ውስጥ ተተክላ ቀረች።

ጆናስ ከኋላ የቀረውን ግንድ አየው። ከዚያ በራሱ ስም እስኪጠሩት ሊጠብቅ ቀስ ብሎ ተቀመጠበት።