የሱልጣና ድርሻ

ረሂማ «ልጄ ትበላለች» አለችኝ። «ጠዋትም ማታም ከእኛ ጋር ትቀርባለች፤ ትሪው እስኪነሣ ከቦታዋ አትነቃነቅም። አላህ ምስክሬ ነው፣ ከልጄ የደበቅኩት ነገር የለም።»

አማቷ እትዬ ዘሙሩድ ደግሞ ረሂማ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቦኖ እስክትሄድ ጠብቀው፣ «ይቺ ልጅ ከመስከረም ወዲህ ጠግባ አታውቅም» አሉኝ። «አብራኝ ነው የምትተኛው። ሆዷን ሳሻት ባዶ ነው። እናትየዋ የምትልህን አትስማ።»

ሁለቱም የሚዋሹ አልመሰለኝም። ሱልጣና ሦስት ዓመቷ ነው። እግሮቿ አብጠዋል፤ ፀጉሯ ሳስቶ ቀለሙን ለቋል። አያቷ ጉያ ውስጥ ሆና ታየኛለች።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት የየካ ቤተሰቦች በየቀኑ የሚመገቡትን መዝኜ፣ ምን ያህሉ ኃይል ሰጪ፣ ምን ያህሉ ገንቢ እንደሆነ ከምግብ ሠንጠረዥ እያወጣሁ እንዳቀርብ አሰማራኝ። ሠንጠረዡ ጥሩ ነው። ጤፉም፣ ሽሮውም፣ ጎመኑም፣ ድንቹም አለበት። ችግሩ ዳገቱ ነው። ሚዛኔን አንጠልጥዬ ከኮተቤ መንገድ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ስወጣና ስወርድ ጫማዬ አለቀ። ሰዉም መጠየቅ ታክቶታል። ቀበሌው ይጠይቀዋል፣ ማኅበሩ ይጠይቀዋል፤ እኔ ደግሞ መጥቼ ምን በላህ እለዋለሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አፀደ በዚህ ላይ አንድ ሥራ ጨመረችልኝ።

«ሠረቀብርሃን፣ እነረሂማ ቤት ስትገባ አንድ ነገር አጣራልኝ» አለችኝ። «ልጅቷ የጎደላት ምግብ ከሆነ እዚሁ እናድናታለን። እየበላች ነው እንዲህ የሆነችው ካልክ ግን ሌላ በሽታ አለባት ማለት ነው፤ ከተማ ወርዳ ሆስፒታል ትተኛለች። እናትየዋ ሁለት ወንዶች ልጆችና አሮጊት ጥላ እዚያ መሰንበት አትችልም። ያለ ምክንያት ብልካት ብቻዋን ትሞትብኛለች። ያለ ምክንያት ባስቀራት እዚህ ትሞትብኛለች።»

ስለዚህ መዘንኩ። ከአንድ ትሪ የሚበላን ቤተሰብ የምንመዝነው ድስቱንና እንጀራውን ከምግብ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ አስቀምጠን፣ የጎደለውን ትሪው ዙሪያ ለተቀመጡት በማካፈል ነው። ልጅ እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል። ሌላ ዘዴ አልተማርንም።

የሱልጣና አባት ነጅመዲን ድንጋይ ፈላጭ ነው። አቧራውን እያራገፈ ገባና ሚዛኑን ሲያይ ሳቀ።

«ጓድ ሚዛን! ቁጭ በል እንጂ፣ ቢስሚላህ! ወይስ መጀመሪያ እኔን ልትመዝነኝ ነው?»

«አንተን የሚችል ሚዛን መንግሥት አልገዛልንም» አልኩት።

ወንዶቹ ልጆች ሳቁ። ተቀመጥኩ። ነጅመዲን ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፤ አንዱ ያጣላል ብሎ ደገመኝ። ለሱልጣናም አጎረሳት። ትልቁ ልጅ ሸሪፍ እንኳ ከወጡ ቆንጥሮ ሰጣት። ሒሳቡን ስሠራ የልጅቷ ድርሻ በቂ ሆኖ ተገኘ።

«አላልኩህም?» አለች ረሂማ፣ ትንፋሿን እየለቀቀች።

እትዬ ዘሙሩድ የልጅቷን እግር ከነጠላቸው ሥር አወጡት። «እንግዲህ በወረቀት ጠግባለች። በል ይህንንም ለወረቀቱ አሳየው።»

ለአፀደ ትበላለች አልኳት። ሰኞ ወደ ሆስፒታል ልትልካት ወሰነች።

ማምሻውን ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ሆዴ ከብዶኝ ነበር። እህል ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በሚገኝበት ዘመን እኔ ጠግቤ ነው የወጣሁት። ያን ሁሉ ያጎረሱኝ እንግዳ ስለሆንኩ ነው። ሱልጣናንም ያጎረሷት እንግዳ እያየ ስለነበር ይሆን? የመዘንኩት ይህ ቤት በእንግዳ ፊት የበላውን ነው። በሌላው ቀን የሚበላውን ማንም አልመዘነውም።

ከሰኞ በፊት ተመልሼ ሄድኩ። ሆዴን አሞኛል ብዬ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ረሂማ ቅር አላት።

«ምን አስቀየምንህ?»

«ተዪው፣ ያመመው ሰው በግድ አይበላም» አሉ እትዬ ዘሙሩድ።

መጀመሪያ ላይ እኔን እያዩ በዝግታ ቆረሱ። ነጅመዲን ግን ከንጋት ጀምሮ ድንጋይ ሲመታ የዋለ ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ ረሳኝ። ልጆቹም ረሱኝ። ረሂማ ወጡን ከትሪው መሐል፣ ወደ ባሏ አስጠግታ አወጣችው፤ ያን ቤት የሚያቆመው የእሱ ክንድ ነውና አልፈረድኩባትም። እጆች ወረዱ፣ ተነሡ። ሱልጣና ትኩሱ ወጥ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ትንሽ እጇን ወደ መሐል ዘረጋች።

«ሱልጣና፣ ከፊትሽ ብዪ» አለቻት እናቷ፣ በለሰለሰ ድምፅ። እኔንም እናቴ እንዲሁ ነበር የምትለኝ።

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ከፊቷ ያለው ወጥ ያልነካው እንጀራ ነው። እሱኑ ቆርሳ አላመጠች። እንደገና ወጥ ሲጨመር አሁንም መሐል ላይ ሆነ፤ እሷም አሁንም ከፊቷ በላች። ጨዋ ልጅ ናት። ትሪው እስኪነሣ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሠንጠረዡን መግለጥ አላስፈለገኝም። እንጀራው ኃይል ሰጪ ነው። ገንቢው ያለው ሽሮው ውስጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ እሷ ጋ አልደረሰም።

«ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው» አልኳቸው፣ ያየሁትን ካስረዳሁ በኋላ። «ትቀርባለች፤ ግን ወጡ አይደርሳትም። ለብቻዋ በሳህን ይውጣላት። ሽሮውም፣ ክኩም፣ ሲገኝ ወተቱም።»

ነጅመዲን እጁን እየታጠበ ነበር። «ለብቻዋ? በእኛ ቤት? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?»

ይደግፉኛል ያልኳቸው እትዬ ዘሙሩድ ከእሱ ብሰው ተቆጡ።

«በዚህ ግቢ ሳህን የሚለይበት የሳምባ በሽተኛ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ሳህኗን ብንለይ ነገ ማንም ልጁን ከእሷ ጋር አያጫውትም። ውኃ እንኳ አብረውን አይቀዱም። ትብላ አልኩ እንጂ ትገለል አልኩ?»

ያሉት ነገር በግቢው እንደሚደርስ አውቃለሁ። ሰኞ እንደሚመጣም አውቃለሁ፤ እዚህ ካልበላች አፀደ ሰኞ ወደ ሆስፒታል እንደምትልካት ነገርኳቸው። ነጅመዲን ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሱልጣና ከምንጣፉ ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ትለቅም ነበር።

ረሂማ ያነሣችውን ትሪ እንደያዘች አየቻት። ከዚያ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ሄደች። አሳየች የምትባለው ጎረቤቷ ደጅ ልብስ ታጥባለች፤ ሌሎች ሴቶችም አጠገቧ አሉ።

«አሳየች!» ብላ ተጣራች፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ከሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚው። ከነገ ጀምሮ ሱልጣና በራሷ ሳህን ትበላለች፤ ወጡም ከአባቷ በፊት ለእሷ ነው የሚወጣው። በሽተኛ ናት የሚል ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። እኔ ልጄን አበላለሁ።»