ሟች ከማንም ተጣልተው አያውቁም

በዚህ ከተማ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ማንም ይሙት ማን፣ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ነው፦ ሟች ደግ፣ ሟች ታጋሽ፣ ሟች ከማንም ተጣልተው አያውቁም። የዕድራችን ዳኛ ገብረጻድቃን የእናቴን ሲያነብ እዚያው አስከሬኗ ፊት "ይሄ ውሸት ነው!" ብዬ አቋረጥኩት። ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ። አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ቁጣውም ጥሎኝ ሄደ፤ ምንም አይሰማኝም።

በሠልስቱ ማግስት እህቴ ጀማነሽ ቁርጡን ነገረችኝ።

"ካዛንቺስ ያለ ጽሑፍ ቀልድ መተወን የሚያስተምሩ ልጆች አሉ። እዚያ የሌላውን ቃል መቀበል ግዴታ ነው አሉ። አንድ ቀን ሳትከራከር ከወጣህ ለአርባዋ ትመጣለህ። ካልሆነ ቅርብኝ።"

በመጀመሪያው ቀን ሃድጉ ከሚባል የመኪና መንዳት አስተማሪ ጋር አጣመሩኝ። ጉንጩን ይዞ "ዶክተር፣ ጥርሴን!" አለኝ።

"እኔ ዶክተር አይደለሁም" አልኩት።

በሁለተኛው ቀን "ቶሎ በል፣ አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው!" ሲለኝ ካዛንቺስ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሌለ አስረዳሁት። መምህራችን ኢኽላስ ራሷን ያዘች። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት።

"ጋሽ ቀለመወርቅ፣ ማለቴ... ሰውዬው ያለውን እሺ ይበሉት፣ ከዚያ ከራስዎ ይጨምሩበት። በቃ!"

"ውሸት ቢሆንስ?"

"ሁሉም ውሸት ነው እኮ!"

ሦስተኛው ትምህርት የአርባው ዋዜማ ላይ ዋለ። ሃድጉ ስለ እናቴ የሚያውቀው ነገር የለም። የሌለ መነጽር አደረገ፣ የሌለ ወረቀት ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሟች በሕይወት ዘመናቸው ከማንም ተጣልተው አያውቁም።"

"ውሸት" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ኢኽላስ ጣቷን አነሳችብኝ።

"እሺ" አልኩ። "ልክ ነው። ጎረቤቱ ነው የተጣላቸው።"

ክፍሉ ሳቀ።

"ሟች እንግዳ ተቀባይ ነበሩ።"

"አዎ። በር ላይ ይቀበላሉ፣ እዚያው በር ላይ ይሸኛሉ።"

አሁንም ሳቁ። እኔ ፊቴ ላይ ምንም የለም።

"ሟች ልጃቸውን በፍቅር አሳድገዋል።"

"አዎ። ጽሑፌን ከመታተሙ በፊት አነብላት ነበር። 'ይሄ ለስልሷል፣ ጨምርበት' ትለኝ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ሃድጉ ወረቀቱን አጠፈና በዝግታ "ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን" አለ። ይሄኔ አሥራ ሁለቱም ተማሪዎች ልማድ ሆኖባቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። አንዷማ መጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "እግዜር ያጥናዎት" አለችኝ። ሌሎቹም ተከተሏት።

"ኧረ ትወና ነው! ተቀመጡ!" አለች ኢኽላስ። ራሷም ግን ቆማ ነበር።

ስወጣ ለጀማነሽ ደወልኩላት።

"ተከራከርክ?"

"አልተከራከርኩም።"

"አለቀስክ?"

"አላለቀስኩም።"

የመኪና ጡሩምባ በመሃላችን ይጮሃል።

"በል ነገ ና። ገብረጻድቃንም ይመጣል፣ እንዳትነካው።"

"እሺ" አልኩ። ልዘጋው ስል መጨመር እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። "የዕድሩ ወንበር እሱ ቤት አይደል ያለው? በጠዋት ሄጄ እኔ አመጣዋለሁ።"