የ«ሌ» ቀለበት

አቶ ቀጸላ የእብነ በረዱን ሰሌዳ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት አቁመው አነበቡት። «ኤሊኒ» ይላል። መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አነበቡ፤ አሁንም «ኤሊኒ» ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤሌኒ ካረፉ ሠላሳ ስምንት ቀን ሆኗቸዋል፤ ሰሌዳው ከነገ ወዲያ፣ በአርባቸው ዕለት፣ መቃብራቸው ላይ ሊቆም ነው።

«ዋላሂ ጋሽ ቀጸላ፣ ማሽኑ አልተሳሳተም» አለች የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሂንድ። «የእርስዎ ፊደል ነው።»

እውነቷን ነበር። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግረው ወደዚህች የወደብ ከተማ መጥተው በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ላሉ ሱቆች ሰሌዳ ሲጽፉ የኖሩት አቶ ቀጸላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የፊደል ቅርጽ ነድፈው ነበር፤ ወፍራም፣ ጫፉ ሁሉ የዞረ፣ ማዕዘን የሚባል ነገር የሌለው። ሂንድ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ «ድብልብል» አለችው። የዶራሌ ወደብ ከባድ መኪና ሾፌር ከመንገድ ማዶ ሆኖ የምግብ ቤት ስም ያነብበታል። በትልቁ ሲጻፍ እንከን አልነበረውም። ሲያንስ ግን «ኤ» ቀለበቷን ወደ ውጭ ዘርግታ ስትተርፍ፣ እግረ ወፍራሟ «ሌ» ቀለበቷ ይደፈንና «ሊ» ትሆናለች። ሂንድ ለትንንሽ ጽሑፍ የሚሆን ቀጠን ያለ እንዲነድፉላት ሦስት ጊዜ ለምናቸዋለች። ሦስቱንም ጊዜ «የእኔ ፊደል ከሲታ አይሆንም» ብለው መልሰዋታል።

ወይዘሮ ኤሌኒ ሲራመዱ ዝግ ይሉ ነበር። በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው «ኤሊ» እያሉ ያስለቅሷቸው እንደ ነበር ለባለቤታቸው የነገሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያ ቃል በቤታቸው ተነሥቶ አያውቅም። አሁን አቶ ቀጸላ በገዛ ፊደላቸው ድንጋይ ላይ አስቀረጹት።

ዕንባ ይመጣ እንደ ሆነ ጠበቁ። አልመጣም፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልመጣም። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«በሌላ ፊደል ላድርገው? እዚህ ሞልቷል።»

«ስሟን በሰው ፊደል አላስጽፍም።»

«ታዲያ ኤሊ ሆነው ሊቀሩ ነው፣ ጋሼ?» አለችና ወዲያው አፏን ያዘች። «ውይ! አፌን በቆረጠው።»

አልተቆጡም። ለቁጣ የሚሆን ኃይል ከየት እንደሚመጣ ጠፋቸው። ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

«ሌን ክፈቻት።»

ፊደሏ የኮምፒውተሩን መስታወት ሞላችው።

«ቀኝ እግሯን አቅጥኚ።»

«ይህን ያህል?»

«ጨምሪ።»

«ከዚህ በላይ ከሳሳ እኮ ድብልብል አይደለም።»

«አይደለም» አሉ። «ጨምሪ።»

ቀለበቷ ቀስ በቀስ ተከፈተች፤ በመካከሏ ነጭ ታየ። ሂንድ በሰሌዳው ልክ አሳንሳ ወረቀት ላይ አትማ ሰጠቻቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት። «ኤሌኒ» ይላል። ከወፍራሞቹ መካከል «ሌ» ብቻዋን ከስታለች፤ በአርባ ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ የተዛነፈ ጽሑፍ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ሌሎቹንም ላስተካክላቸው?»

«ይቅሩ። ስሟ ተነብቧል።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አዲሱ ድንጋይ ተቀርጾ መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ።

«ነገ፣ ከቀትር ዕረፍት በኋላ ሱቅ ሲከፈት።»

«እመጣለሁ» ብለው ወጡ።