ኃላፊ የሌለው ካርድ

እኛ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ችግራችንን ለዓመታት በጆሯችን ስንሰማ ስለኖርን፣ አማካሪ የተባለው ሰው መጥቶ «ችግር በዓይን መታየት አለበት» ሲለን አፋችንን ከፍተን ቀረን።

የአዳራሹን አንድ ግድግዳ በነጭ ወረቀት አለበሰው። የእያንዳንዱን ክፍል ስም በካርድ ጽፎ ለጠፈና፣ በሥራ የሚገናኙትን ካርዶች በቀይ ክር እንድናያይዝ አዘዘን። ሥራ አስኪያጁም ለውጡ የሚካሄደው በሥዕሉ መሠረት እንደሆነ፣ ክር ያነሰው ክፍልም እንደሚታጠፍ ተናገረ። የቧንቧ ጥገና ኃላፊ ነኝ። ክፍሌ ከታጠፈ እኔም አብሬ መታጠፌ ነው፤ ጡረታዬ ገና ነው፣ ከቧንቧ ሌላ ደግሞ የማውቀው ሙያ የለም።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አዳራሹ ገበያ ሆነ። ሰላምታ እንኳ የተነፋፈጉ ኃላፊዎች ተቃቅፈው ክር ይለዋወጡ ጀመር። የሕዝብ ግንኙነቱ ኃላፊ፣ መቼም ምላሱ አጥንት የለውም፣ ከጽዳት እስከ ሒሳብ ክር ያላሰረበት ክፍል አልነበረም። ወደ እኔም መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ክር ልሰርልዎ፣ አንድ ይሰሩልኝ።»

«እኔና አንተን የሚያገናኝ ምን ሥራ አለና?»

«ኧረ ሥራ ማን አነሳ? ክር ነው ያልኩት!»

ደሜ ፈላ። እምቢ አልኩት።

ክሬን ይዤ ካርዴ ፊት ቆምኩ። እውነት ለመናገር እኔን ሥራ የሚያዘኝ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ነው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ደንበኛ የሚል ካርድ የለም! ታዲያ ይህ ሁሉ የሸረሪት ድር ለማን ነው? ባዶ ካርድ አነሳሁ፤ «ደንበኛ» ብዬ ጻፍኩና ታች ጥጉ ላይ ለጥፌ ከካርዴ ጋር አሰርኩት።

ከሰዓት በኋላ አማካሪው ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ቆመና አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ግሩም ነው! አሁን ችግሩ ፍንትው ብሎ ይታያል» አለ፣ ወደ ታችኛው ጥግ እየጠቆመ። «ይህ ደንበኛ የሚባለው ክፍል፣ ከጥገና በቀር ከማንም ጋር አይሠራም።»

«ክፍል አይደለም እኮ፤ ሰው ነው» አልኩ።

«ኃላፊው ማነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ወደ ካርዱ ጠጋ አልኩ።

«ጭራሽ ኃላፊም የለው!» አለና ካርዱን ከግድግዳው ላጠው። ክሩ ሲሳብ የኔም ካርድ ተከትሎት ወደቀ። ሁሉም አጨበጨበ። ሥዕሉ እውነትም አምሮበት ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

እግሬን እየጎተትኩ ሰፈር ስደርስ መንገዱ ውሃ በውሃ ሆኗል። ባለቤቴ ባዶ ባልዲ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ውስጥ ጠብታ የለም! ምን ታየኛለህ? መሥሪያ ቤትህ ደውል እንጂ!»

ደወልኩ። የስልክ ሠራተኛዋ ድምፄን አወቀችው።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ! ማንን ላገናኝዎ?»

«ጥገናን።»

«ጥገና እኮ… እርስዎ ነበሩ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ስልኩን ዘጋሁት።

«ምን አሉህ?» አለች ባለቤቴ።

«የሉም አሉኝ።»

«እነማን?»

«እኔም፣ አንቺም።»