የካፒቴኗ በር አልተዘጋም

በሩ አልተዘጋም። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ጣጣ ነው።

«ዘጠነኛዋ መርከብ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የተከታተለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ላልተከታተለ ግን ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። በኮከቦች መካከል በምትበረው በዚያች መርከብ ላይ ክፍት የሚቀር በር የለም። በሮቹ ከባድ ብረት ናቸው፤ የወጣ ሰው ሲለቃቸው ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ሲዘጉም «ጓ!» ይላሉ። ተመልካች አምስት ዓመት ሙሉ ይህን «ጓ» ሲሰማ ኖሯል።

ዘንድሮ ከዚሁ ድራማ አንድ የድምፅ ድራማ ተወለደ፤ ስሙም «የሞተር ቤት ሰዎች» ተባለ። በቴሌቪዥኑ ላይ ዘይት ተቀብተው ብቅ ብለው ይጠፉ የነበሩት መካኒኮች እዚህ ዋና ሰዎች ሆኑ። ባለፈው ሰኞ በወጣው ክፍል ሦስት ሽማግሌው መካኒክ ከካፒቴኗ ጋር ይጣላል፤ «እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ!» ይላትና ሰባት እርምጃ ይራመዳል፤ በሩ ይከፈታል። ከዚያ «ጓ» የለም። ካፒቴኗ ደግሞ ወዲያው ወደ ምክትሏ ዞራ «ሞተር ቤቱን ከነሰዎቹ ቆርጠን እንጥለዋለን» ትለዋለች። ሙዚቃ። አለቀ።

በሩን መዝጋት የነበረባት የድምፅ ሠራተኛዋ ናት። ጥጥ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የስቱዲዮ ሰዎች ናቸው፤ በሦስት ወር ውስጥ ስትገባም ስትወጣም የሰማት ሰው ስለሌለ። እርምጃው፣ ዝናቡ፣ የስኒው ኳኳታ፣ የብረቱ በር፣ ሁሉም የእሷ ሥራ ነው። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ረቡዕ ነው፤ ዛሬ። ከእሷ በፊት የነበረው ልጅ የተሰናበተው በቀረጻው ላይ አንዲት ስኒ ሳትነሳ ሁለት ጊዜ ስትቀመጥ ስለተሰማች ነው።

ነገሩን የነገረቻት አክስቷ ናት፤ እሷም ጠዋት፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«አንቺ፣ ሰውየው ወጣ ወይስ አልወጣም?»

«የቱ ሰውዬ?»

«መካኒኩ ነዋ! ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችሁኝ። ሲከፍት ሰማሁት፤ ሲዘጋ አልሰማሁትም።»

አክስቷ የቤቱን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቴሌቪዥኑ ከጀርባዋ ነው። «ዘጠነኛዋ መርከብ»ን አምስት ዓመት ተከታትላለች፤ አይታው ግን አታውቅም። ዓይኗ መርፌው ላይ፣ ጆሮዋ መርከቧ ላይ ነበር። አንድ ቀን የካፒቴኗን ፎቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስታይ «ይቺ ሲባጎ ናት እንዴ? ድምፅዋ እኮ ወፍራም ነው!» ብላ ሳምንት አኩርፋለች። ስለዚህ አክስቷ አልተዘጋም ካለች አልተዘጋም ማለት ነው።

ጥጥ የእጅ ስልኳን አወጣች። የድራማው አፍቃሪዎች ራሳቸውን «ተሳፋሪዎች» ብለው ይጠራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ስድባቸው የሚጣል አልነበረም። «መርከብ በጆሮ ይታያል እንዴ?» «ካሜራችሁ ተሰረቀ?» «ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፤ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ለእንቅልፉ ተባረኩ።» ሁለተኛው ክፍል ላይ የሚሳደብም ጠፋ፤ ያ ደግሞ ይብሳል። አሁን ግን አራት ሺህ አስተያየት ተደርድሯል።

«በሩ አልተዘጋም!!! ሰማችሁ?»

«አሥራ ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አልተዘጋም። ሚስቴ ተናዳ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እሷም በሩን አልዘጋችውም።»

«መካኒኩ አልወጣም። በሩን በእጁ ይዞ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ላቤ መጣ።»

«ሰባት እርምጃ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወዲያ ዜሮ። ቆጥሬያለሁ። ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ።»

«ይህን በዓይን ቢያሳዩን ኖሮ ምን ይገርመን ነበር? ደራሲው ሊቅ ነው!»

ጥጥ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «አለቀልኝ።»

«ምን አለቀልሽ? ሰው እኮ አበደላችሁ።»

«አክስቴ፣ ነገ ክፍል አራት ይወጣል። ተቀርጾ ያለቀ ነው። መካኒኩ ሻይ ይዞላት ይመጣል፤ ይስቃል፤ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ሁሉን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሻይ ያመጣላታል?»

አክስቷ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። «ለምን አያመጣላትም? የሰማ ሁሉ ይናገራል እንዴ? እኔ በዚህች መኪና ላይ ተቀምጬ ስንቱን ሰምቼ ዝም ብያለሁ መሰለሽ። ልኳን ልታስለካ የመጣች ሴት ሆዷን ሳታራግፍ አትሄድም። በማግስቱ መንገድ ላይ ሳገኛት "እንዴት አደርሽ" ነው የምላት፤ ፈገግ ብዬ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።» ከዚያም በአንሶላ የተቋጠረ ትልቅ ጥቅል በእግሯ ገፋችላት። «ይልቅ እነዚህን ዩኒፎርሞች ለትምህርት ቤቱ አድርሺልኝ።»

«የሥራ ሰዓት ነው!»

«ምሳ ሰዓት ላይ ታደርሺዋለሽ፤ መንገድሽ ነው። ለቅሶሽንም እዚያው ጨርሺ።»

ጥጥ አላለቀሰችም፤ ለቅሶ ጊዜ ይፈጃል። ጥቅሉን አቅፋ ወጣች።

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፤ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አለ፤ በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም «በር በቀስታ!» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ስትገባ ሁሉም ተሰብስበዋል። አዘጋጁ የእሷን የሥራ ውል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ገና ግን አልፈረሙም። ካፒቴኗን የምትጫወተው ሲባጎዋ ሴትዮ መስኮቱ ጋ ቆማለች። መካኒኩን የሚጫወቱት አዛውንት ወንበር ላይ ተደላድለው ይስቃሉ። ደራሲው አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«ይህን ሐሳብ ግን ከየት አመጣኸው?» አሉት አዘጋጁ።

ደራሲው ኮሌታውን ነካካ። «አንዳንዴ እንግዲህ… ዝምታ ራሱ ይናገራል።»

ጥጥ ጥቅሉን ወንበር ሥር አስቀመጠችና ከቦርሳዋ የክፍል ሦስትን ጽሑፍ አወጣች። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ በራሱ በደራሲው እጅ፣ «በሩ ይዘጋል፤ ጓ!!!» ይላል። ሦስት ቃለ አጋኖ። ከጎኑ የእሷ ምልክት አለ፤ ተሠርቷል ማለት ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ደራሲው ሊቅ እንደሆነ ይቀራል፤ እሷም ውሏን ይዛ ትወጣለች። ነገ ግን መካኒኩ ሻዩን ይዞ ሲስቅ አራት ሺህ ሰው አብሮ ይስቃል፤ በስቱዲዮው ላይ።

አዘጋጁም እዚያው ደረሱ። «እሺ፤ ነገስ? ክፍል አራት ላይ ይህ ሰውዬ ለምን ምንም እንዳልሰማ ይሆናል?»

«ይታሰብበታል» አለ ደራሲው። ግንባሩ ላይ ላብ አቸፈቸፈ።

ጥጥ መጠበቅ አትችልም፤ አመሏ ነው። «ጋሼ፣ የታሰበ ነገር የለም። በሩን እኔ ነኝ የረሳሁት።»

አዘጋጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«በር እንዴት ይረሳል?» አሉ አዘጋጁ ቀስ ብለው።

«እሱ ነው ያልገባኝ። ስዘጋው አስታውሳለሁ። በእጄ ነው የዘጋሁት።»

«አሳዪኝ።»

ቀረጻው የተሠራው በክፍሉ ጥግ ባለው፣ ወደ ደረጃው በሚያወጣው የብረት በር ነበር። ራሱ የሚዘጋ ከባድ በር ነው። ጥጥ ከፈተችው፤ ወጣች፤ ለቀቀችው። ግን አልለቀቀችውም። እጇ ሳታዘው ዞሮ የበሩን ጠርዝ ያዘ፤ በመዳፏ እያባበለ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ያለ አንዲት ድምፅ ገጠመው።

«ይኸው፣ ተዘጋ!» አለች ከበሩ ወዲያ። እንደገና ከፍታ ስትገባ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

አዛውንቱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አዘጋጁ ተቆጡ፤ «ምኑ ያስቃል? በር መዝጋት ማንን ይከብዳል?» ብለው ራሳቸው ወደ በሩ ሄዱ። ወጡ፤ የእሳቸውም እጅ ተመልሶ በሩን ያዘ። ሲገቡ መዳፋቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ያዩት ጀመር።

«እናንተ ልጆች ናችሁ» አሉ አዛውንቱ እየተነሱ። «ንዴት ነው የጎደለው። እዩኝ!» ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ!» ብለው እየነጎዱ ወጡ፤ ሁሉም ጆሮውን ያዘ። ምንም የለም። በሩን በእግራቸው ጫፍ ይዘውታል። ከውጭ ድምፃቸው ብቻ መጣ፦ «ሚስቴ አርባ ዓመት ሙሉ ስንጣላ "ወንድ ከሆንክ በሩን ድርግም አድርገህ ውጣ" ትለኛለች። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።»

አሁን ነገሩ ለሁሉም ተገለጠ። በዚህ ቤት በር ጮሆ አያውቅም፤ ጮሆ ከተገኘ ቀረጻ ይበላሻል። ሥራ ተብሎ ሲዘጋም እጃቸው አይሰማም። ተሰብስበው ሲያዳምጡት ደግሞ ሁሉም «ጓ»ውን በሐሳቡ ሞልቶ አልፎታል። ጎዶሎውን ለመስማት እንደ ተሳፋሪዎቹና ለቴሌቪዥን ጀርባዋን እንደሰጠችው ልብስ ሰፊ የውጭ ጆሮ ያስፈልግ ነበር።

«ቢሆንም» አሉ አዘጋጁ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው፣ ውሉን እያዩ፤ «ያን ልጅ በአንዲት ስኒ ነው ያሰናበትኩት።»

«አውቃለሁ። ማሰናበት ከፈለጉ ያሰናብቱኝ፤ ግን መጀመሪያ ይህን ላስተካክል። ክፍል አራት ስንት ሰዓት ይወጣል?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«መግቢያው ላይ አንድ ድምፅ ብቻ እንጨምር። ምስጢሩ ተነግሮ አልቋል። ዝም። ከዚያ "ጓ!"» ጥጥ መስኮቱ ጋ ወዳለችው ተዋናይት ዞረች። «አንቺ "ማነው?" ትያለሽ። መልስ የለም። ከዚያ ሻዩ ይመጣል፤ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳይነካ።»

«መካኒኩ ምንም አያውቅም እኮ!» አለ ደራሲው።

«ያውቃል። ቆሞ ሰምቷል፤ በሩን አሁን ነው የለቀቀው። አውቆ የተኛ ነው።»

አዘጋጁ ማጫወቻውን ከፈቱት። የአዛውንቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላ፤ ስኒ ተቀመጠ፤ ሳቅ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እመቤቴ? ሻይሽን ጠጪ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።» ትናንት የየዋህ ሽማግሌ ሳቅ ነበር። ዛሬ ያው ሳቅ፣ ያው ስኒ፣ ሻዩን ግን ማንም አይጠጣውም። ሲባጎዋ ሴትዮ ብርድ እንደነካው ሰው እጇን አሸች።

«እኔ ነኝ ይህን ያልኩት?» አሉ አዛውንቱ። «ተንኮለኛ ነኝ ለካ!»

«ልክ እንዳሰብኩት» አለ ደራሲው።

«አንተ ሸሚዝህን ላብ ሳይጨርሰው ሂድና ማይክሮፎኑን አቅርብ» አሉት አዘጋጁ።

ችግሩ ያው በር ነው። ደራሲው ሞከረ፤ ያዘው። ሲባጎዋ ሞከረች፤ በክርኗ ያዘችው። ጥጥ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ወጣች፤ አንደኛው ከኪሷ ዘሎ ያዘው። አዛውንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደው ሚስታቸውን እያሰቡ ሞከሩ፤ ለሚስታቸው አዘኑና ያዙት። ግማሽ ሰዓት በከንቱ አለፈ።

«የአምስት ዓመት ሕፃን የሚችለውን አምስት ሰው አቃተን» አሉ አዘጋጁ። የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈቱ። «ስሚ ጥጥ። ውሉ ይኸው። ይህ በር ሲጮህ እፈርማለሁ። ካልጮኸ ግን የስኒው ልጅ ይታዘበኛል።»

«መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ልስማው?»

«እንድትሰሚው ሳይሆን እንድትዘጊው ነው የፈለግኩሽ።»

ጥጥ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አክስቷ ደግሞ ይቅርታ አታውቅም። በዚያ ቅጽበት ዓይኗ ወንበሩ ሥር አረፈ።

«ቀረጻ ጀምሩ» አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልሄድ ነው። ዩኒፎርም አደርሳለሁ።»

ጎንበስ ብላ ጥቅሉን በሁለት እጇ አቀፈችው፤ እስከ አገጯ ደረሰ። ጣቶቿ ከአንሶላው ሥር ተቆላለፉ። አዘጋጁ ጣታቸውን አነሱ፤ ቀይ መብራቱ በራ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ጥጥ ሰባት እርምጃ ተራመደች፤ በሩን በጀርባዋ ገፋችው፤ ወደ ደረጃው ወጣች። እጇ የለመደውን ሊያደርግ ተነሳ። ጥቅሉ ሊያመልጣት ሲል አጥብቃ ያዘችው፤ ለበሩ የሚተርፍ ጣት አልነበራትም።

ከኋላዋ በሩ በሙሉ ክብደቱ «ጓ!» ብሎ ተዘጋ።