ለሚሊ የቀረችው ቃል

"እንግዲህ ማሽኖቹን ልሽጣቸው አይደል?" አለ ታላቅ ወንድምየው ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው እንደሚያናግር እየጮኸ።

ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠው አናጢ ቀና ብሎ አየው።

"ኦኬ።"

"ይኸው! ሰማሽ? በገዛ አፉ!"

ሚስትየዋ ያጠበችውን ሸሚዝ እየጨመቀች ከጓሮ በር ብቅ አለች። "ጋሼ፣ ጠዋት ሻይ ትጠጣለህ ወይ ስለው ኦኬ አለኝ። ሳቀርብለት በእጁ መትቶ ምንጣፉ ላይ ደፋው። ያቺኛዋ ኦኬስ የትኛዋ ነበረች?"

"ኤጭ! ካንቺ ጋር መነጋገር ከግድግዳ ጋር መነጋገር ነው።"

በባሏ ቤተሰብ ዘንድ መጠሪያዋ ግግሟ ነው። ሲጠሯት አትቆጣም። ግግም ያላለ ሰው እዚህ ቤት ስንት ቀን ይቆያል? ባሏም ስም አላጣም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሚሊ ይለዋል። ለአንዲት ሚሊሜትር ግማሽ ቀን ስለሚያቃጥል ነው። በደህናው ጊዜ እሱ እንጨቱን ይቆርጣል፣ ይገጣጥማል፤ እሷ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ቫርኒሽ ትቀባለች። ሲያልቅ ሚሊ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳስስና እንጨቱን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርገዋል። ከወደደው "ኦኬ" ይላል። ካልወደደው አፉን ግጥም። ያኔ ያቺን ቃል ሲሰስታት ለጉድ ነበር፤ ሰዎች ከጥርሱ ወርቅ የሚነቅሉበት ይመስለው ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መጣ። ቀኝ ጎኑን ወሰደው። ንግግሩንም ጠራርጎ ወሰደው፤ ያቺን የፈረንጅ ቃል ግን ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ትቶለት ሄደ። የሆስፒታሉ የንግግር ሐኪም "ይሰማል፣ ይገባዋልም። ልናገር ሲል ግን የሚወጣለት ይኸው ብቻ ነው" ብላ አስረዳቻቸው። ጭንቅላቱን መነቅነቁ ራሱ ተዘበራርቆበታል፤ አዎ ሊል ፈልጎ አንገቱ ግራና ቀኝ ይሄድበታል።

እንዲህ ነው ያ ሁሉ ስስት የፈሰሰው። መስኮቱን ክፈቱልኝም ኦኬ፣ ዝጉልኝም ኦኬ። ኳስ ሲያይ አጥቂውን የሚሰድብባት ኦኬ አለች፤ እሷስ በደንብ ትገባለች፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። ሴት ልጃቸው ከምትሠራበት አገር ደውላ ስታለቅስ ደግሞ ስልኩን ጉንጩ ላይ ለጥፎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ዝቅ አድርጎ፣ "ኦኬ... ኦኬ... ኦኬ..." ይላታል። ያን ጊዜ ሚስትየዋ ልብስ ላሰጣ ብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

"ገዢው ከሰዓት መኪና ይዞ ይመጣል" አለ ወንድምየው ድምፁን አለስልሶ። "እኔ እኮ ክፋት አስቤ አይደለም። ማሽኖቹን ዝገት እየበላቸው ነው። አንቺስ እስከ መቼ እንዲህ ትለፊ? እሱም በቃኝ ብሏል።"

"አላለም።"

"እሺ ምን አለ?"

አፏን ከፈተች። አትሽጡብኝ ነው ያለው ልትል ነበር። ግን ማን ነገራት? ጋሼ የሚፈልገውን ሰማ፣ እሷም የምትፈልገውን ሰማች። መሃል ላይ ሚሊ ተቀምጧል፤ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው እንጂ ያወቀለት የለም። ነገሩ ቆሽቷን አሳረራት። ሸሚዙን ባልዲ ውስጥ ወርውራ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ወርክሾፑ ድረስ እወስደዋለሁ።"

"አብደሻል? ልቡ ይሰበራል! ከታመመ ወዲህ እዚያ ደጃፍ ደርሷል?"

"አንተ ስለከለከልክ ነው የቀረው። ሂጂ በለኝ አትሂጂ በለኝ፣ ሄጃለሁ።"

የዊልቸሩ አንድ ጎማ ወደ ግራ ይጎትታል፤ መንገዱን ሁሉ ስትታገለው ሄደች። ጋሼ እያጉረመረመ ተከተላቸው። ጥጉ ላይ ያለው ዳቦ ሻጭ "ሚሊ! በረታህ?" ብሎ ጮኸ። "ኦኬ!" ሲለው "እኔም እንዳንተው ነኝ!" ብሎ ሳቀ።

ወርክሾፑን ስትከፍተው የእንጨት ሽታ ተቀበላቸው። መጋዝ ማሽኑና መላጊያ ማሽኑ አቧራ ለብሰው ቆመዋል። መሃል ላይ ሚሊ የወደቀ ቀን ሲሠራው የነበረው ቁምሳጥን አለ፤ አንዱ በሩ ተገጥሟል፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል።

"እየው እንግዲህ" አለችው። "የሚሸጠው ይኼ ነው።"

ሚሊ አየ። ዓይኑ ከማሽን ማሽን፣ ከማሽን ወደ ቁምሳጥን ሄደ። ከዚያ ወደ ጭኑ አቀረቀረ። ጋሼ እውነቱን ይሆን እንዴ?

"አየሽ?" አለ ጋሼ በሹክሹክታ።

ተገትራ መቆም አልሆነላትም፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ጭንቀቷ ይብስባታል። ግድግዳ የተደገፈውን በር አነሳችና ወደ ቁምሳጥኑ አስጠጋችው። "ጋሼ፣ ያዝልኝማ።"

"አንቺ በር መግጠም የት ታውቂና?"

"አንተስ መያዝ የት ታውቃለህ? ዝም ብለህ ቀና አድርገው።"

ማጠፊያውን በቦታው አድርጋ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንድ በአንድ አጠበቀች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በሩን ገፋ ስታደርገው ሲጢጥ እያለ ሄዶ ተዘጋ።

"ተዘጋ!" አለ ጋሼ፣ የራሱ ሥራ ይመስል። "ቆንጆ! ምን ጎደለው!"

"ኦኬ! ኦኬ! ኦኬ!" ሚሊ በግራ እጁ የዊልቸሩን መደገፊያ ይደበድባል።

"ይኸው፣ እሱም ወደደው።"

እሷ ግን አሁን በጆሮዋ ማመን ትታለች። ዊልቸሩን ገፍታ ሚሊን ቁምሳጥኑ አፍ ላይ አቆመችው። ሚሊ ግራ እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ እንጨት ከእንጨት የሚፋተግባት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን አጥፎ እንጨቱን መታ። ኳ ኳ።

ጎንበስ ብላ አፉን አየች።

ሚሊ ዞሮ አያት፤ ያንን የድሮ፣ ስንቴ ያበሳጫትን አስተያየት። ከዚያ አፉን ግጥም አደረገው። በእንቅልፍ ልቡ እንኳ የምታመልጠው ያቺ ቃል አሁን ከንፈሩ ውስጥ ተቆልፋ ቀረች።

ሚስትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም አዲስ ሆነባት።

"ምንድን ነው የሚያስቅሽ?"

"አልወደደውም ጋሼ! ተመስገን፣ አልወደደውም!"

ሚሊ እጁን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ። ብርጭቆ ወረቀት ብታቀብለው መሬት ጣለው። የእጅ መላጊያውን ብታቀብለው ጭኑ ላይ አስቀምጦ መዳፉን ጫነበት። ጋሼ ቀስ ብሎ ሊወስድለት ቢሞክር አለቀቀም። ቢጎትተውም አለቀቀም።

ውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ።

ጋሼ መጀመሪያ ደጁን፣ ቀጥሎ የወንድሙን እጅ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። "እንዴት አድርጎ ሊሠራ ነው ግን? በአንድ እጅ?"

"ዓይኑ አልታመመም። እጅ እንደሆነ እኔም አለኝ፣ አንተም ሥራ ፈት እጅ አለህ።"

"እኔ?" ጋሼ መዳፎቹን አገላብጦ ተመለከታቸው።

ጥሩምባው ደገመ።

"ሰውየውን ምን ልበለው?"

"ሥራ ላይ ናቸው በለው" አለችና ካቻቢቴውን አነሳች። "ንገረውና ቶሎ ተመለስ፣ ይኼን በር የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ።"

ጋሼ ከደጅ እስኪመለስ አልጠበቀችም። በሩን በትከሻዋ ደገፍ አድርጋ፣ አሁን ያጠበቀችውን የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች።